ያስቆለፈው ይክፈት

ማክሰኞ፣ የካቲት 9
መስኮቱ አጠገብ ሆኜ

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ያለ መነጽር አስገባለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ማንም እጄን ሳይይዘኝ እየጻፍኩ ነው። ፊደሌ እንደ ሰከረ ሰው ቢንገዳገድብሽ የተማርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ መሆኑን አስታውሺና እለፊው። እንደምን አለሽልኝ? ባልሽንስ ጉንፋኑ ለቀቀው?

የምጽፍልሽ በስልክ የማይነገር ስለሆነ ነው። ስልኩን ወንድምሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ እናንተ ስለ እኔ ታወራላችሁ፣ እኔ እንደ ጠረጴዛው ዝም እላለሁ።

የእግሬን ነገር ታውቂዋለሽ። ተረከዜ ላይ የወጣችውን ጥቁር ነጥብ ጫማ የመታኝ መስሎኝ ስረግጣት ከረምኩ። ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው ብለው ቆርጠው አወጡት፤ ከጭኔ ቆዳ ልጠው ጣፉበት። ጫማ ሰፊም እንዲህ አሳምሮ አይጥፍም። አሁን በየሦስት ሳምንቱ ሆስፒታል እየሄድኩ በክንዴ መድኃኒት ይንጠባጠብልኛል። ከዚያ ሰውነቴን ያሳክከኛል፣ ጥቂት ቀን ጉልበቴ ይከዳኛል። ከዚያ ይመለሳል። ሰው የማይሰማኝ ይህን ነው፤ ይመለሳል!

ቁስሉ ሲደርቅ ሐኪሙን "ብስክሌት ልንዳ?" አልኩት። እግሬን አገላብጦ አየና፣ "ተረከዝዎ ላይ አይቁሙ እንጂ፣ በጣትዎ በኩል ቀስ ብለው ይርገጡ" አለኝ። ብስክሌት ድሮስ በተረከዝ ይረገጣል?

የመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ይዤ ወጣሁበት። ልጄ፣ መሬት ላይ የማነክሰው ሰውዬ ብስክሌት ላይ አላነክስም! የወንዙን መንገድ ይዤ እስከ ድልድዩ ሄድኩ። ነፋሱ በሸሚዜ ሲገባ እናትሽ ከኋላዬ ተቀምጣ "ቀስ በል አንተ ሰውዬ" የምትለኝ መሰለኝ። ሰዓት ሠሪው ጓደኛዬ ከሱቁ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣

"አንተ ሽማግሌ፣ ሞትን በብስክሌት ልታመልጠው ነው?" አለኝ።

"እሱ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ እቀድመዋለሁ!"

"እንግዲያው ጎማህን አስነፋ፣ ተንፍሷል!"

"ጎማዬ ከሚነፋ ያንተ ሆድ ይተንፍስ!"

እንዲህ ስል ከረምኩ። ከዚያ መድኃኒቱን በወሰድኩ ማግስት አልቀመጥ ብዬ ወጣሁና ዳቦ ቤቱ ጋ ራሴ ዞረብኝ። ወደቅኩ። ክርኔ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆንኩም። ወንድምሽ በታክሲ ደረሰ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እቤት እንደገባን ለአንቺ ደወለ። አንቺም "ቆልፍበት!" አልሽ። ሰምቼሻለሁ፤ ስልኩ እንደ ልማዱ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ቆለፈው። በምን መሰለሽ? ከመሣሪያ ሣጥኔ ባገኘው፣ እኔው በሠራሁት ጓጉንቸር። ብስክሌቱ ኮሪደሩ ላይ ከውሃው ቧንቧ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል። ሽንት ቤት ስሄድ መሪው ሆዴን ይነካኛል። ገብቼ ስቆይ ደግሞ የወንድምሽ ሚስት "አባባ፣ ደህና ኖት?" ትላለች። እኔ እስላለሁ። ካልሳልኩ በሩን ትደበድበዋለች። ክፉ አይደለችም፣ ፈጣሪ ያክብራት፤ ግን መኖሬ በሳል የሚታወቅ ከሆነ ምኑን ኖርኩት? ወንበሬን መስኮቱ ጋ አድርጋ "መንገዱን ይዩ" ትለኛለች። መንገድ ይታያል እንዴ? ይኬድበታል እንጂ።

"ዕድሜህን ሙሉ ቁልፍ ሠሪ አልነበርክም? ለምን አትከፍተውም?" ትይኝ ይሆናል። ሰዓት ሠሪውም ሊጠይቀኝ መጥቶ ይህንኑ አለኝ። "በሹካ ጫፍ ትከፍተዋለህ፤ ምን ትጠብቃለህ?" እውነቱን ነው። ከአንዱ ሳል እስከ ሌላው ሳል ይበቃኛል። ግን ሥራውን ያስተማረኝ ሰውዬ መሣሪያ ከማስያዙ በፊት ያስያዘኝ ቃል አለ፤ "ያስቆለፈው ይክፈት።" የቆለፈው አላለም፣ ያስቆለፈው። ባል አስቆልፎ ሚስት ብትለምነኝ፣ አከራይ አስቆልፎ ተከራይ ቢያለቅስብኝ፣ ያስቆለፈው ራሱ "ክፈት" ሳይለኝ ከፍቼ አላውቅም። ሰፈሩ ሁሉ በሩን ያመነኝ በዚህ ነው። አሁን በስተርጅና በገዛ ብስክሌቴ ሌባ ልሁን? እጄ መክፈት እየቻለ በቃሌ ታስሬ ተቀምጫለሁ።

ወንድምሽን "ክፈትልኝ" አልኩት። "እሷ ካላለች አልከፍትም" አለኝ። ያስቆለፍሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው። እንግዲህ በአፍሽ "ይከፈት" በይ። መድኃኒት በወሰድኩበት ሳምንት አልነካውም፤ ይህን ቃሌን ያዢ፤ ቃሌን ታውቂዋለሽ።

ሰሞኑን ደግሞ ሰውነቴን በሙሉ በትልቁ ማሽን አዩኝ። ወንድምሽ ብቻውን ገብቶ ከሐኪሙ ጋር ቆየ። ሲወጣ "ሁሉም ደህና ነው አባዬ" አለኝና ብርቱካን ገዛልኝ። ብዙ ብርቱካን። ለደህና ሰው ይህን ያህል ብርቱካን አይገዛም። ብቻ ቶሎ መልሺልኝ፤ ዝናቡ ከገባ የወንዙ መንገድ ይጨቀያል።

ከወጣሽበት በሰላም ግቢ፣ እጅሽ የነካው ይለምልም፣ ቤትሽን ሳቅ ይሙላው። ዕዳ ትቶብን ይሄዳል ብለሽ ደግሞ አትስጊ፤ ያለብኝን ራሴ እከፍላለሁ። የእናትሽ መቃብር ላይ አረም በቅሏል፣ መጥቼ እነቅላለሁ ብያታለሁ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ከተማው ዳር ቤት ቀይራ ሄዳለች፤ የቁም ሣጥኗን ቁልፍ እሠራልሻለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻታለሁ። እነዚህ በብስክሌት የሚደረስባቸው ናቸው። ለወንድምሽ ያለብኝ ግን እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ብሽሽቴ ላይ እንቁላል የምታህል እብጠት መውጣቷን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። እሱ ከእኔ ይደብቃል፣ እኔ ከእሱ። ይህንንም የምነግረው እኔው ነኝ። እንዳትቀድሚኝ።

አባትሽ