አምስት ደቂቃ ይላል ወረቀቱ

ኮልቢ ፎርክ፣ ሚኒሶታ
ኖቬምበር 14 ቀን

ለውድ ልጄ ለሎርና፣

ወሬው የደረሰኝ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። በመጦሪያው ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከጆአን ጋር አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘን እያጠፍን ነበር። አለቃችን መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አልገባችም። «ቬርና፣ ከትምህርት ቤት ነው» አለች። ሌላ ጊዜ ሲደውሉ «ኦሪንን በሽታው ጥሎት ነበር፣ አሁን ተነሥቷል፣ ብርድ ልብስ ደርበንለታል» ነው የሚሉት። እኔም አንሶላውን እንደያዝኩ «ተነሣ?» አልኳት። ራሷን ወዘወዘች። ጆአን በወዲያ በኩል ያለውን ጫፍ ለቀቀችው። የኔን ጫፍ መቼ እንደለቀቅሁት አላውቅም።

ለአንቺ ስደውል የመውለጃሽ ወር ስለነበረ «ወደቀ፣ ራሱን መታው» ብቻ አልኩሽ። ሐኪሞቹም አውሮፕላን ከለከሉሽ፤ ወንድምሽን ያላንቺ ቀበርነው። የቀረውን አሁን እጽፍልሻለሁ። እኔና ብዕር እንደማንስማማ ታውቂያለሽ፤ ይህን ከጀመርኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

በጠበቃው በኩል የላክሽልኝ አቤቱታ ደርሶኛል። እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ጨው ዕቃው ሥር ተቀምጧል። የምፈርምበትን ቦታ በቢጫ ቀለም አስምረውልኛል። በስልክ ያልሽኝንም አልረሳሁም፦ «እማ፣ ዕቅዱ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል እኮ! አዋቂ ሰው ከአጠገቡ አይለይ ይላል። እንድትጠብቀው የተቀጠረችው ዴልፊን ቦታዋን ጥላ ሄዳ ነው። እኔ ራሴ እንደ ኦሪን ያሉ ልጆች አስተማሪ ነኝ፤ ሕጉን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሴትዮዋ ከእንግዲህ ልጅ አጠገብ መድረስ የለባትም።»

ልጄ፣ ትምህርት ቤቱ ለኦሪን በየዓመቱ ከሚያወጣው የእንክብካቤ ዕቅድ አንቺ ጋ ያለው ያምናው ነው። ዘንድሮ ተለውጧል። አልነገርኩሽም።

ስብሰባው ሴፕቴምበር ላይ ነበር። ያው ጠባቡ ክፍል፣ ያው ክብ ጠረጴዛ፣ መሀሉ ላይ ያችው ለሚያለቅስ ወላጅ የምትቀመጥ የሶፍት ካርቶን። የወላጅ መብት የሚለውን መጽሔት እንደየዓመቱ ሰጡኝ። ዐሥር ሆኖልኛል፤ ሁለቱን ማቀዝቀዣው እንዳይወላገድ ብዬ እግሩ ሥር ከትቻቸዋለሁ። የዘንድሮው ልዩነት ኦሪንም መጠራቱ ነው። በጋውን ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺ ስትደውይለት ክፍሉን ዘግቶ ሲያወራ ይቆይና፣ ምንድን ነው ስለው «የስብሰባ ጉዳይ ነው» ይለኝ ነበር። ያን ዕለት የአባታችሁን ክራባት አስሮ መጣ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ስትራንድ «ምነው ጎረምሳው፣ ሠርግ አለብህ እንዴ?» ቢሉት፣ «የለም፤ ፍቺ ነው» አላቸው።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ገብቶኛል። ልጆቹ ዴልፊንን «ሚስቱ» ነው የሚሏት፤ ስድሳ ሁለት ዓመት የሞላትን ሴት! ሽንት ቤት በገባ ቁጥር በሩን ይዛ ስትቆም «ኦሪን፣ ቶሎ በል እንጂ፣ ሚስትህ በብርድ አለቀች!» ይሉታል። እሷስ «እንደኔ ሾርባ የምትሠራ ሚስት ከየት ታገኛላችሁ!» ብላ ትመልስላቸዋለች። እሱ ግን ውኃ መጠጣት ትቶ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ቤት እስኪገባ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብሎ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሲመጣ ነው የነቃሁት።

ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ቃሉን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፦ «ስሜ ኦሪን ዙፓን ነው። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ይህ ዕቅድ የኔ ነው። ሕጉ እኔንም ጠይቁኝ ይላል። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። ሽንት ቤት ብቻዬን መግባት እፈልጋለሁ። አመሰግናለሁ።»

ይህን አነጋገር ከየት እንዳገኘው አልጠየቅሁትም። አንቺም አትጠይቂ።

ዴልፊን «የኔ ልጅ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እኮ ነው የምቆመው» አለችው። «ጀርባዎም ያው እርስዎ ነዎት» አላት። አቶ ስትራንድ ሕጉ ራሱ ልጁ በሚችለው መጠን እንደ እኩዮቹ ይሁን እንደሚል አስረዱ። ነርሷ ከሜይ ወዲህ አንድም ቀን እንዳልጣለው ከመዝገቧ አነበበች። እንግዲህ ዴልፊን ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ትቁም፣ በአምስት ደቂቃ ካልወጣ ትግባ ተባለ። ዴልፊን «ሦስት ይሁን፣ እባካችሁ» ብላ ለመነች። ኦሪን «ሦስትማ ቀበቶዬን ፈትቼም አልጨርስ» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አንቺ «የዚያኑ ዕለት አትፈርሚ፤ ቤት ወስደሽ አንብቢው፣ እደሪበት» ብለሽ ስንት ጊዜ መክረሽኛል። ከሥራም ያስፈቀድኩት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነበር። ግን በሥራዬ አላሳብብም። ፊቱን አየሁት፤ «አምስት ይሁን» አልኩና ፈረምኩ።

አምስት ሳምንት ኖረበት። የመጀመሪያው ቀን ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ «እማ፣ ብቻዬን! ማንም የለም!» አለኝ። ውኃ መጠጣት ጀመረ። በኋላማ ምሳው ላይ ሁለት ጠርሙስ ጨምሪልኝ እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

ዴልፊን ከቀብሩ በኋላ እሑድ መጣች። ግቢ ብላት እምቢ አለች፤ ደረጃው ላይ እንደቆመች ነው የነገረችኝ። «አራተኛው ደቂቃ ላይ ኳ ያለ ነገር ሰማሁ፣ ቬርና። የሶፍት ሣጥኑን የመታው መሰለኝ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ወረቀቱ አምስት ይላል፣ ልጁም አምኖኛል ብዬ ተመለስኩ። ቆሜ ቆጠርኩ።» ስትገባ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ወድቆ ነበር። ሐኪሙ የአንድ ደቂቃ ነገር ለውጥ አያመጣም ነበር ብሏል። እሷ አላመነችውም። «ስደቢኝ፤ እንደዚህ ዝም አትበይኝ» አለች። የእጅ ሰዓቷን አውልቃለች፤ ቦታው ነጭ ሆኖ ይታያል። ምን ብዬ ልስደባት? አምስት ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ከሥራ አግደዋታል፤ እኔ አቤቱታውን መፈረም አለመፈረሜን እየጠበቁ ነው። ከፈረምኩ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት ደጅ አትደርስም። ወረቀቱ «ቦታዋን ጥላ» ይላል። ውሸት ነው። ቦታዋ እኔ የፈረምኩላት ቦታ ነው።

በዚህኛውስ ምክርሽን ሰምቻለሁ። ዐሥራ አንድ ቀን አደርኩበት። አልፈርምም። እንዳልተፈረመ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሻለሁ። ማክሰኞ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ስብሰባው ላይ የሆነውን እናገራለሁ። መቆጣትሽ አይቀርም፤ ተቆጪ። ግን እኔን ተቆጪ፣ እኔን ብቻ። ሌላ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅም ቅርብም አትሂጂ። ያቺን ያነበባትን ወረቀት ደረት ኪሱ ከትቼ ከእሱ ጋር ቀብሬያታለሁ።

ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው እላለሁ። ደግሞ ሁለቱ የውኃ ጠርሙስ ትዝ ሲለኝ ቃሌን እመልሰዋለሁ።

አዲስ የወለድሽውን ትንሹን ቪክቶርን ሳሚልኝ። እግዚአብሔር ከመውደቅ ይጠብቀው፤ ቢወድቅም የሚያነሣው አያሳጣው። አድጎ አንድ ቀን «ብቻዬን ልሂድ» ሲልሽ፣ ልጄ፣ እሺ በይው።

ይህ ወር ለሙታን የሚጸለይበት ነው፤ እዚህ አባ ዶሚኒክ ስሙን በየቅዳሴው ይጠሩልኛል። አንቺም ደብዳቤውን ለባልሽ፣ አብረውሽ ለሚያስተምሩትም አንብቢላቸው። እምነቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሰማ ሁሉ ለኦሪን ዙፓን አንዴ «ነፍስ ይማር» ይበልልኝ። ትንፋሽ ከተረፈውም ለዴልፊን አንድ ጸሎት ይጨምርላት፤ እሷ ገና ስትቆጥር ነው ያለችው።

እናትሽ ቬርና