ሰሊጡ አይጠብቅም

ለልጄ ለሩፊዳ፤ አላህ ባለሽበት በሰላም ያኑርሽ፤ ጅዳም እንደ መተማ አታቃጥልሽ። በመጀመሪያ ክሴን ስሚኝ። የላክሽልኝን ባርኔጣ ፍየላችን ጠርዙን በላችው። አክስትሽ ዘሀቢያም ከእኔ ይልቅ ለፍየሏ አዘነች፤ "ሆዷን ቢያማትስ?" አለችኝ።

ሌላው ወሬ፣ ሰሊጡ ደርሷል። መንገዱ ግን ስለተዘጋ ከጎጃም የሚመጡት አጫጆች ዘንድሮ ቀሩ። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ቶሎ ካልታጨደ ሽፋኑ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። "ተወው" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። መንገዱን መክፈት አልችልም፣ ይህን ተቀብያለሁ። ማጨድ ግን እችላለሁ።

ስለዚህ ከዘሀቢያ ጋር በጠዋት እንወጣለን። ቆም ብላ ታየኝና፣ "ሰውዬ፣ እያጨድከው ነው እያባበልከው?" ትለኛለች። ወገቤ እንቢ ብሎኝ ነው እንጂ ማባበሉስ በእሷም አልሠራልኝ። ሁሉንም እንደማናዳርሰው እናውቃለን፤ እስከደረስንበት አጭደን እናስራለን። አንቺም ከእጅሽ ውጭ በሆነ ነገር እንቅልፍ አትጪ። ብቻ ጁምዓ ጁምዓ ደውይልን፣ ዱዓሽም አይለየን። አላህ ጉልበትሽን ያበርታ።

ቆዪ፣ በር ተንኳኳ።

ባንተአምላክ ነው! በየዓመቱ አጫጆቹን ይዞ የሚመጣው የጎጃሙ ሰው፤ ዛሬ ግን ብቻውን ነው፣ እግሩም አብጧል።

"መንገዱ ተከፈተ እንዴ?" አልኩት።

"የት ተከፍቶ! በእግሬ ነው የመጣሁት" አለና ማጭዴን አንስቶ ስለቱን በጣቱ ዳሰሰው። "ጋሼ፣ በዚህ ደነዝ ነው የሚያጭዱት?"

እሱ እግሩን ይታጠብ፤ እኔ ማጭዱን ልሞርድ።