ክላይቭ ዘንድሮ አልተከራከረም

ለውድ ወንድሜ ለሮላንድ፤

እንደምን ከርመሃል? እዚያ ኒውዚላንድ ብርዱ እንዳልጠናባችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እዚህ እንግሊዝ ሙቀቱ ካስቸገረን በቀር ደህና ነን። ዛሬ ጥላ ሥር ሠላሳ አንድ ዲግሪ ደርሷል። አትክልት በጎማ ማጠጣት ስለተከለከለ ባቄላውን ዕቃ ባጠብኩበት ውሃ አጠጣለሁ።

ቅዳሜ የንጉሡን የልደት ሰልፍ በቴሌቪዥን አየን። ጎረቤታችን ብሬንዳም እንደ ወትሮዋ መጣች። ወታደሮቹ ያንን ፀጉራም ቆብ ደፍተው በፀሐይ ሲቆሙ ስታይ ክላይቭን ነካካችው፤ "አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮስ ቤተ መንግሥቱን ለማን ልታከራየው ነው?"

ባለቤቴ ንጉሥ አያስፈልገንም፣ ቤተ መንግሥቱም ይከራይ ብሎ ሲነሳ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። በሠርጋችን ዕለት እንኳ ከአባባ ጋር የተጣላው በዚሁ ነው። አሁን ግን "ተያቸው እስቲ፣ ለአገሩ ያምራሉ" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

"ፀሐይ መቶታል፣ ባርኔጣ ግዢለት" ብላ ብሬንዳ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

በሙቀት ጊዜ የማንም ሰው የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ትናንት የክላይቭ ቀበቶ ላይ ሌላ ቀዳዳ በሳሁለት። ሐሙስ የምርመራውን ውጤት ለመስማት ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። እሁድ ስትደውል ስለ ጤናው አትጠይቀው። ንጉሡን አሞግስለት፤ ዝም ቢልህም አታቋርጥ። እንደ ድሮው ተቆጥቶ ቢከራከርህ፣ ስልኩንም ቢዘጋብህ እንዳትቀየመው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እግዚአብሔር ሁላችሁንም በጤና ያቆይልኝ።

እህትህ ሂላሪ