ውሃ ይጠፋል ያልኩት ቀን

ኅዳር 3

ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለዓይነ ስውሩ ባሌ ደብዳቤ የማነብለት እኔ ነበርኩ። አንዱን ዋሽቼ አነበብኩለት።

ዛሬ ለምን መጣብኝ? ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ስጠብቅ ይሆናል። የባሌ የጃለታ ኮምፒውተር። እሱ ካረፈ ዓመት ከአራት ወር ሆነው፣ ይሄም ሊከተለው ነው መሰል። አብርቼው ምስር ለቅሜ ጨረስኩ... ገና አልተከፈተም።

ኅዳር 4

ራቢአ ጋ ወሰድኩት። መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግነዋ። ከፍታ ሳቀች።

«አዴ ዱርሲቱ፣ ሲበራ አብረው የሚነሱ ሃያ ሦስት ፕሮግራሞች! ኮምፒውተር ነው ሠርግ ቤት?»

ብዙዎቹን አስቆመቻቸው። ሦስት ነገር ጫነችልኝ፦ ትርፍራፊ የሚጠርግ፣ ሁለት ሦስት ቦታ የተቀመጠ አንድ ዓይነት ፋይል የሚፈልግ፣ የዲስኩን ጤና የሚያይ። «ኮምፒውተርዎን እናፍጥንልዎ» እያለ ድንገት ብቅ የሚለውን ግን እንዳልነካ አስማለችኝ።

«አንቱ እንኳ አንብበው ነው የሚጫኑት» አለች።

አንብቤ... ማን አስተምሮኝ? ፊደሉን ከዱቄት ከረጢትና ከሱቅ ታፔላ ነው የለቀምኩት። የኦሮምኛውን ቁቤም እንደዚሁ። ጃለታ «ዓይኔ ናት» ይል ነበር ለሰው። አንብቤ ስጨርስ ሁልጊዜ «ሌላስ?» ይለኛል። ሁልጊዜ።

ኅዳር 5

ጠረግኩ። ስድስት ጊጋ ትርፍራፊ! አሁን ቶሎ ይከፈታል። ለጃለታ ጽሑፍ ያነብለት የነበረውን ድምፅ ግን አላጠፋሁትም። ቤቱ ዝም ሲል ይከብደኛል።

ኅዳር 6



መንትያ ፋይል የሚፈልገውን ከፈትኩ። ድምፁ ዝርዝሩን ያነባል። «ቢሻን። ቢሻን። ቢሻን።» አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ። ሁለቱን ላጠፋ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ... ቢሻን? ውሃ? ጃለታ ስለ ውሃ ምን ያስቀምጣል?

ከፈትኩት። ኮምፒውተሩ ኦሮምኛውን በፈረንጅ አፍ እያጣመመ ማንበብ ጀመረ። ድሮ ጋዜጣ እንዲህ ሲያነብልን በሳቅ እንሞት ነበር።

ደብዳቤው ነው። ያ ደብዳቤ!

ጥር 2011፣ ከተፍኪ የመጣ። በኮምፒውተር የተጻፈች አንዲት ገጽ። ከእኔ በፊት ከነበረችው ሴት የተወለደች ልጁ ናት የጻፈችው። «አባቴ አንተ ነህ ይሉኛል። ሌላ ነገር አልፈልግም። አንድ ጊዜ ድምፅህን ልስማ።» መጨረሻው ላይ «ጂቱ» ብቻ። የአባት ስም አልጻፈችም።

እኔ አልወለድኩም። ልጅ ካገኘ እኔን ምን ያደርገኛል አልኩ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ውሃ ይጠፋል ነው የሚለው። ማስታወቂያ ነው።»

አልደበቅኩትም እንኳ! ከማያይ ሰው ምን ይደበቃል? ጠረጴዛው ላይ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ተውኩት። ሳጥኔ ውስጥ የከተትኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ስካነር ውስጥ እየከተተ ኮምፒውተሩን የሚያስነብብ ሰው መሆኑን እንዴት ረሳሁ?

ያውቅ ነበር። እስኪያርፍ ድረስ፣ አምስት ዓመት ተኩል።

ኅዳር 7

ከደብዳቤው ጋር ሦስት የድምፅ ፋይሎች አሉ። ለመክፈት አልደፈርኩም።

ኅዳር 8

የዲስኩን ጤና አየሁ። ቀይ። ራቢአ ጋ ደወልኩ።

«ቀይ? ወላሂ? አዴ፣ ከእንግዲህ ምንም አይጥረጉ፣ ምንም አያጥፉ! ፍላሽ ይሰኩና የሚሳሱለትን አስቀድመው ይገልብጡ። ዛሬ ተከፈተ ማለት ነገ ይከፈታል ማለት አይደለም።»

አንደኛው ድምፅ ወደ ፍላሹ አለፈ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ቆመ፤ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ሦስተኛው አለፈ። ትናንት ብገለብጠው ኖሮስ?

የመጀመሪያውን ከፈትኩት። ድምፁ... ጃለታ ክፍሉ ውስጥ ገባ።

«ጂቱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዱርሲቱ ውሃ ይጠፋል አለችኝ፣ አሥራ አንድ ጀሪካን ሞላሁ። ውሃው ግን አልጠፋም።» ሳቀ። «አትቀየሚያት። አውቄያለሁ ብላት አፍራ ዳግመኛ አታነብልኝም። ራሷ እስክትነግረኝ ልጠብቅ። እኔም ፈርቻለሁ መሰለኝ።»

ጀሪካኖቹን አስታውሳለሁ። ቆሜ አየሁት። «ይበቃል» እንኳ አላልኩትም።

ሌላስ? ሌላስ? ይህን ነበር የሚጠይቀኝ?

ሦስተኛው ከማረፉ ሁለት ወር በፊት የተቀዳ ነው። ያስለዋል። «ይሄን የምትሰጥሽ ዱርሲቱ ናት። ይህን ኮምፒውተር ከእሷ ሌላ የሚያጸዳው የለም።»

አንተስ? ልጅህን ይህን ያህል ማስጠበቅህስ? ተናደድኩበት። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ኅዳር 10

ኮምፒውተሩ አልተከፈተም። ጥቁር።

ኅዳር 11

ደብዳቤውን ከሳጥኔ አወጣሁት፤ ስልክ ቁጥር አለበት። ደወልኩ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

ማን ልበላት? «የአባትሽ... አንባቢ ነኝ።»

«አውቅዎታለሁ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ከኋላ ቆሜ።»

ቀብሩ ላይ! ከለቀስተኞቹ የትኛዋ ነበረች? እጄን ጨብጣኝ ይሆን?

«ድምፁን እንኳ ሳልሰማ አመለጠኝ» አለች።

«ድምፁ አለ» አልኩ። ስታለቅስ፣ ስትስልም ሰማኋት። እንደሱ ነው የምትስለው።

ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ እሄዳለሁ። ፍላሹን በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ሁለት ድምፅ። ሁለተኛውን እኔ አዘግይቼ እንዳጠፋሁት በአፌ ልነግራት አልችልም፤ ስለ ውሃውም። ስለዚህ ይህን ደብተር አብሬ እሰጣታለሁ። አንብቤ አልሰጣትም። ራሷ ታንብበው።

ለጂቱ ጃለታ፣ ተፍኪ።