በአለማያው ሽርሽር ላይ «መጠባበቂያ ውሃ» ስለ ተባለው ጀሪካን

ሐረር፣ የካቲት 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሥራዬ ለገሠ
የቀበሌያችን የመዝናኛና የጉብኝት ኮሚቴ ሊቀመንበር

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ንግግር በኋላ ጉሮሮዎ እንደ ተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ ለጠየቀን ሁሉ እንደምንለው፣ ደኅና ነን። ቧንቧችን ብቻ ከጥምቀት ወዲህ ድምፁን አጥፍቷል።

በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ጋዜጣ ለነዋሪው ሂስ የተተወው ዓምድ ሁልጊዜ ባዶ መሆኑ እንደሚያሳዝንዎ በየስብሰባው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እኔም በጡረታ ተገልዬ ቤት የዋልሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ይህን ሐዘንዎን ጥቂት ላቅልልዎ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ዓምዱ ጠባብ በመሆኑ ጽሑፌ ወደ ስፖርቱ ዜና ቢያልፍ ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ብዙ የሚጻፍ ስለሌለ ቅር የሚሰኝ አይኖርም።

አንደኛ፣ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ወደ አለማያ ሐይቅ የሚደረገው የእሁድ ሽርሽር በሙሉ ፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ ያልመጣ ግን ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ሊወስድ ሲመጣ ምክንያቱን እንደሚያስረዳ የሚገልጸው ማስታወቂያ ለማንም የሚገባ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያለ ማስታወቂያውም እንመጣ ነበር። ሐረር ለሚኖር ሰው ሐይቅ ማየት ተራ ነገር አይደለም። ይጠጣል የሚባለው ውሃችን ከዚያ እንደሚመጣ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል፤ ዘንድሮ ግን አንዳንዶቻችን ሐይቁ መኖሩን ራሱን መጠራጠር ጀምረን ነበርና በዓይናችን አይተን እንድናምን ስላደረጉን ውለታዎ አይረሳም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጀሪካኑ ነው። በዚያ እሁድ ጠዋት ከኤረር በር ውጭ አውቶቡሱ በቆመበት ቦታ የተሰበሰብነውን ሰዎች ከሩቅ ያየ ለሽርሽር የምንሄድ አይመስለውም ነበር። ምሳ የያዘ ሰው ጥቂት ነው፤ ጀሪካን ያልያዘ ግን አልነበረም። ተማክረን አይደለም። የሐረር ሰው ሐይቅ ልሂድ ብሎ ሲነሣ እጁ በራሱ ወደ ጀሪካኑ ይሄዳል። የኮሚቴዎ ጸሐፊ ጓድ ግርማ ይህን ባዩ ጊዜ በጣም አዘኑ። ለመዝናናት የወጣ ሕዝብ ጀሪካን ተሸክሞ በእንግዶች ፊት ከታየ ከተማችን ውስጥ የውሃ ችግር ያለ እንደሚያስመስል በትዕግሥት አስረዱን። ይህን ማስመሰል ማናችንም አልፈለግንም። ስለዚህ ጀሪካኖቻችን ተሰብስበው በቀበሌው መጋዘን ተቆለፈባቸው፤ እስካሁንም እዚያው ናቸው።

መመሪያው በእኩልነት መፈጸሙን ለመመስከር ያህል፣ የሾፌሩ የአቶ ሳኒ ጀሪካንም አልቀረችም። አቶ ሳኒ፣ «ጓድ፣ ይቺ የኔ አይደለችም፣ የራዲያተሩ ናት። ይሄ መኪና ሽማግሌ ነው፣ ዳገት ሲያይ ውሃ ይጠማዋል» ብለው ለምነው ነበር። ጓድ ግርማም፣ «መመሪያው ጀሪካን ይላል እንጂ የማን ጀሪካን አይልም» ብለው በአጭሩ መለሱ። አቶ ሳኒ፣ «ወላሂ፣ እኔ ተናግሬያለሁ» ብለው ወደ መሪያቸው ወጡ።

እዚህ ላይ ስለ ወ/ሮ በለጡ ልጻፍልዎ፤ በኋላ በሪፖርትዎ ስለ እሳቸው የጻፉት ያለ ስማቸው ስለሆነ። ወ/ሮ በለጡ ባላቸውን አቶ እንደሻውን በቅርቡ የቀበሩ የሰፈራችን እናት ናቸው። አቶ እንደሻው ድሬሰር ነበሩ፤ በዚህ ቀበሌ ቁስሉን እሳቸው ያላሰሩለት ሰው ቢኖር በቅርብ ጊዜ የተዛወረ መሆን አለበት። ተዝካራቸው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ለተዝካሩ ጠላ ያስፈልጋል፤ ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ጋኑ ታጥኗል። የጎደለው ውሃ ብቻ ነበር። ወ/ሮ በለጡም ወደ ሽርሽሩ የመጡት ለመዝናናት እንዳልነበረ አልደብቅዎትም። ጥንስሱን የሚጥሉበትን አንድ ጀሪካን ውሃ ለማምጣት ነበር፤ የቀረውን ከየትም ከየትም ብለው ሊሞሉት አስበዋል።

ጀሪካን እንደሚወሰድ ባዩ ጊዜ ከሰልፉ ወደ ኋላ ቀርተው፣ ያቺን ትንሽ የዘይት ጀሪካናቸውን በጋቢ ጠቅልለው በጀርባቸው አዘሉና ተመለሱ። ጓድ ግርማ ገና ያላገቡ በመሆናቸው ስለ ሕፃን ብዙ አያውቁም። ሆኖም በአክብሮት ቆመው፣ «የልጅ ልጅዎ ነው፣ እማማ?» ሲሉ ጠየቁ። «አዎ ልጄ።» «ማን ይባላል?» ወ/ሮ በለጡ ጋቢውን ጠበቅ አድርገው፣ «እንደሻው» አሉ። ከኋላቸው የነበሩት ወ/ሮ የሺ ወዲያው፣ «ውይ፣ ቁርጥ አያቱን» ሲሉ መሰከሩ። በዚህ ውሸት የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ተባባሪ እንደ ነበረ፣ እኔም አንዱ እንደ ሆንሁ በዚህ አጋጣሚ አስታውቃለሁ። አለማያ እስክንደርስ ድረስ «ሕፃኑን አየር ይምታው»፣ «ኧረ ጡጦውን ስጡት» እያልን ሄድን፤ ከባላቸው ቀብር ወዲህ ወ/ሮ በለጡን ሲስቁ ያየናቸው በዚያ መንገድ ላይ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ጉብኝቱ አመሰግናለሁ። የአለማያ ከተማ ትንሽ ናት፤ ድንችና ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች፣ የጫት ገበያ፣ ሁለት ሦስት ሻይ ቤት፣ ከዚያ ባሕር ዛፉ ያልቅና ሐይቁ ይመጣል። ውሃው ያን ቀን ጸጥ ብሎ ነበር፤ ዳክዬዎች ከነጫጩቶቻቸው ይሄዱበታል። ይህን የማውቀው ከአውቶቡሱ ስወርድ ስላየሁት ነው። ከዚያ በኋላ የተቀመጥነው ፊታችንን ወደ ድንኳኑ አድርገን ነበርና። የክብር እንግዶች በድንኳኑ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ፣ እኛ ደግሞ ሣሩ ላይ ፊታችንን ወደ እንግዶቹ አድርገን እንድንቀመጥ የተደረገው በማሰብ እንደ ነበር አልጠራጠርም። እነሱ ሐይቁን ጎበኙ፤ እኛም እነሱን ጎበኘን። ንግግሩ ስለ መዝናናት ጥቅም ስለ ነበር የምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ቀጠለ። ወደ ኋላ ዞር ያሉ ጥቂት ሰዎች ሥነ ሥርዓት እንዲያከብሩ ተነግሯቸዋል። ጀልባዋም አንዲት ብቻ በመሆኗ እንግዶቹን ይዛ ሄደች፤ ስትመለስ ደግሞ የጉብኝቱ ሰዓት አልቆ ነበር።

ለመጸዳዳት በተሰጠን ጊዜ ወ/ሮ በለጡ ሕፃኑን ሊያጥቡት ወደ ውሃው ዳር ወረዱ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እያየኋቸው ነበር። ጀሪካኗን ከሞሉ በኋላ ወዲያው አልተነሡም። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃው ውስጥ አድርገው ቆዩ። ከሁላችንም ውስጥ ሐይቁን የጎበኙ እሳቸው ይመስሉኛል። ሲመለሱ ጓድ ግርማ የአውቶቡሱ በር ላይ ቆመው፣ «ሕፃኑ ውሎው ተስማምቶታል፣ ጭራሽ አይነቃም እኮ» አሉ። ወ/ሮ በለጡ ከሸክሙ የተነሣ ወገባቸውን ማቅናት አልቻሉም ነበርና ጎንበስ እንዳሉ፣ «ይመስገነው» ብለው ገቡ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መደርደር አልሆነልኝም።

አዴሌን አልፈን ወደ አወዳይ የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር ራዲያተሩ ፈላ። እርስዎ በፊት ወንበር ስለ ነበሩ እንፋሎቱን ከሁላችን ቀድመው አይተውታል። አቶ ሳኒ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱና በጨርቅ እጃቸውን እየጠረጉ መጥተው፣ «ውሃ ያለው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለማን እንደ ሆነ ሁላችንም ስለ ገባን ወደ ጓድ ግርማ ዞርን፤ ጓድ ግርማ ወደ እርስዎ ዞሩ፤ እርስዎ ደግሞ በመስኮት ተራራውን መመልከት ጀመሩ። ጎረምሶች ወደ ሐይቁ ተመልሰው ውሃ እናምጣ ብለው ነበር፤ ግን በምን? በመኪናው ውስጥ ከለስላሳ ጠርሙስ በቀር ዕቃ አልነበረም። ፀሐይ እየገባች ነው፤ የሰዓት እላፊው እየቀረበ ነው፤ እውነተኞቹ ሕፃናትም ማልቀስ ጀምረው ነበር። አቶ ሳኒ ወደ ጓድ ግርማ ቀረብ ብለው፣ «ያቺ የራዲያተሯ ጀሪካን አሁን እየተዝናናች ነው» አሉ። የሳቀ አልነበረም።

ወ/ሮ በለጡ ከኋላ መቀመጫ ላይ ነበሩ። ወ/ሮ የሺ እጃቸውን ይዘው፣ «ተይ፣ ዝም በይ። የነሱ ጥፋት ነው፣ እዚሁ እንደር» ሲሉ ሰምቻለሁ። ወ/ሮ በለጡ የሚያለቅሱትን ልጆች አዩ፤ ጋቢውን አዩ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈቱና፣ «ሳኒ፣ ና፣ ልጁን ተቀበለኝ» አሉ። አቶ ሳኒ ለምን የተቀዳ ውሃ እንደ ሆነ ያውቁ ነበር፤ ጠዋት ራሳቸው ደግፈው ሲያሳፍሯቸው ነግረዋቸዋል። «እናቴ፣ ይሄ የተዝካሩ አይደለም እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ታዲያ ምን ላድርግ? ይጠጣ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ውሃው ራዲያተሩ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይሰማ ነበር። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ቤታችን ገባን።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት በዚህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሪፖርትዎን በታላቅ ትኩረት አነበብሁ። በሦስተኛው አንቀጽ «በመንገድ ላይ የደረሰው መጠነኛ የቴክኒክ ችግር ኮሚቴው አስቀድሞ ባዘጋጀው መጠባበቂያ ውሃ ወዲያው ተወግዷል» ይላል። በአምስተኛው አንቀጽ ደግሞ «ኋላ ቀር አስተሳሰብ ያላቸው አንዲት ግለሰብ መመሪያ ጥሰው ጀሪካን ደብቀው በመገኘታቸው ቅዳሜ በሚደረገው ስብሰባ ቀርበው ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተወስኗል» ይላል። ጓድ ሊቀመንበር፣ ዕድሜዬን በሙሉ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ሳነብ ስለ ኖርሁ ዓይኔ በቀላሉ አይደናገርም፤ ነገር ግን ሦስተኛውንና አምስተኛውን አንቀጽ ደጋግሜ ባነብም የማየው አንድ ጀሪካን ነው። በአውቶቡሱ ውስጥ ሌላ አልነበረም። በሦስተኛው አንቀጽ የተመሰገነው በአምስተኛው የተከሰሰው ነው፤ ልዩነቱ ምስጋናው ሲመጣ ባለቤቱ ኮሚቴው፣ ክሱ ሲመጣ ባለቤቷ ወ/ሮ በለጡ መሆናቸው ብቻ ነው።

የምለምንዎ ትንሽ ነው። ግለ ሂሱ ቅዳሜ ቀርቶ በሌላ ቀን ይሁንላቸው። ቅዳሜ የባላቸው ተዝካር ነው፤ በዚያ ቀን አንዲትን ባልቴት ከቤቷ አስወጥቶ አዳራሽ ውስጥ ማቆም ለእርስዎም ለስምዎም አይመጥንም። የተቆለፈባቸውም ጀሪካኖች ይፈቱ፤ ቧንቧው አንድ ቀን ድንገት ሊመጣ ይችላልና የምንቀበልበት አንጣ። ሦስተኛው አንቀጽ ይታረም አልልም። ከጻፉት በኋላ ማረም ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔም ደክሞኛል።

ለሕዝቡ መዝናናት ሌት ተቀን የሚደክሙትን እርስዎን እረፍት እንዲያገኙ ከልብ እየተመኘሁ፣ ሐይቁን በጀርባዬ በኩል ስላስጎበኙኝ ዳግመኛ እያመሰገንሁ፣

አክባሪዎ
ኃይለመስቀል ሽፈራው
የቀበሌው ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ነገሩ ጥቂት ስለ ተለወጠ ልጨምርልዎ። የዚያ አውቶቡስ ሰዎች፣ ጀሪካናችን መጋዘን ውስጥ ስለሆነ፣ በድስትም በማንቆርቆሪያም በባልዲም እያደረግን ከየቤታችን የተረፈችውን ውሃ ወ/ሮ በለጡ ቤት አደረስን። መጀመሪያ የመጡት አቶ ሳኒ ነበሩ፤ ስለ ጠላ አንድም ቃል ሳይናገሩ አስቀምጠው ሄዱ። ጥንስሱ ተጥሏል፤ ቅዳሜ ይደርሳል። ሰው ሁሉ እዚያ ስለሚውል በዚያ ቀን የጠሩት ስብሰባ ሰው ቢጎድለው አይቀየሙን። እኔ እርስዎን ለመጥራት አላሰብሁም ነበር። ወ/ሮ በለጡ ግን፣ «ሥራዬም ይምጣ እንጂ፤ ለመኪናው ያልነፈግሁትን ለሰው ልነፍግ ነው?» ብለዋል። ስለዚህ ይምጡ፣ ይጠጡ። ስለ ጠላውም ሪፖርት የሚያወጡ ከሆነ የጠመቁት ሴት ሙሉ ስም በለጡ ወልደ ጊዮርጊስ ነው።