ፊርማዬና የየኔታ ድምፅ

ጥቅምት 9 ቀን 2008

ሽንብራ ስለቅም ዋልሁ። ነፋሱ ዛሬም አቧራውን ቤት ድረስ አመጣው። ልጄ ኢየሩሳሌም ኮምፒውተሯ ላይ እንደተደፋች መሸ። ከዚያ ጠራችኝ። "እማ፣ ነይ ስሚ።"

የኔታ ናቸው። ሟቹ ባሌ። ድጓ ያዜማሉ።

ድምፃቸው ያለበት አሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒውተሩ ተገልብጦ እንዳለቀ ተበጥሷል። አሁን ጩኸቱን ሁሉ አጥርታዋለች። ሲተነፍሱ እንኳ ይሰማል... ደጅ ወጥቼ አለቀስሁ። ለምን? በሕይወት ሳሉ እንዲህ አልሳሳሁላቸውም።

ጥቅምት 10

የምትሠራው ድጓን በየኔታ ድምፅ በስልክ የሚያስተምር ፕሮግራም ነው አለችኝ። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ከእሷ ሊገዛው ነው። ድጓ ለመማር ማስመስከሪያው ደብር ቤተ ልሔም ድረስ መሄድ ቀረ፤ ሁሉም ካለበት ይማራል።

የኔታ ለአገሩ ሁሉ ድጓ ሲያስተምሩ ለእኔ ሀ ሁ አላስቆጠሩኝም። "ምን ያደርግልሻል?" ይሉኝ ነበር። ከሞቱ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ቆጠርሁት።

ጥቅምት 17

ውሉ መጣ። ድምፁ የየኔታ ስለሆነ ወራሾቹ ሁለታችንም መፈረም አለብን።

"እዚህ ጋ ፈርሚ።"

"ቆይ ላንብበው።"

ሳቀች። "ለገና ትጨርሺዋለሽ?"

በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። አንዱ መስመር ላይ ቆምሁ። ሥራው የተሠራባቸው መሣሪያዎች ሁሉ በሕጋዊ መንገድ የተገኙ መሆናቸውን እናረጋግጣለን፣ ይላል።

"መሣሪያው ምንድን ነው?"

"ድምፁን ያጠራሁበት ሶፍትዌር ነዋ።"

"ገዝተሽዋል?"

ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። "ክራክ ነው።"

ቁልፉን ሰብረው፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሚወስዱት ማለት ነው። ዳኛቸው የሚባል የኮሌጅ ጓደኛዋ በፍላሽ ሰጣት።

"ሁሉም በሱ ነው የሚሠራው እማ። በዶላር ነው የሚሸጠው፣ ከየት አምጥቼ ልግዛ? ባለቤቱ ሀብታም ፈረንጅ ነው።"

"የሀብታም ሲሆን ስርቆት አይባልም?"

"ማን ያውቃል?"

"እኔ አነበብሁት እኮ።"

ጥቅምት 18

ስንጨቃጨቅ ዋልን። እውነቱን ንገሪያቸው አልኋት። ውሉን ይሰርዙታል አለች። እሱም እውነት ነው።

ቤተ ልሔም ድጓውን ልቅም አድርጎ የሚያውቅ እንኳ መምህራኑ ፊት ቀርቦ ካላስመሰከረ መምህር ነኝ አይልም። አዱኛ የሚባል ተማሪ ሳያስመሰክር አስመስክሬያለሁ ብሎ ደብር ተቀጠረ። የኔታ በእግራቸው ሄደው አስወጡት። ከቤታችን በልቶ ያደገ ልጅ ነበር። ይህን ነገርኋት። "በኚህ ሰው ድምፅ ላይ ነው ውሸት የምታስፈርሚኝ?"

"አባባስ? የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያዜሙ ለማን ከፈሉ?"

ውሉን አጥፌ መለስሁላት። አልፈረምሁም።

"እንግዲያው ፊርማው ይቅር፤ አውራ ጣትሽን አሳርፊ። ማንበብ የማይችል አይጠየቅም" አለችኝ።

ልጄ ናት እንዲህ ያለችኝ። ፊደል ስቆጥር እጄን ይዛ ስሜን ያስጻፈችኝ ልጄ።

ጥቅምት 24

ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ኮምፒውተሩንም ይዛ። በሶ ቋጥሬላት ነበር፤ መደቡ ላይ ትታው ወጣች።

ኅዳር 11

አልደወለችም።

ታኅሣሥ 28

ገና ነው። እኔ ደወልሁ። "ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ።"... ድምፃቸውን ላኪልኝ ልላት ነበር።

ጥር 22

ከገበያ ስመለስ ረሺዳ ከስልክ ሱቋ ጠራችኝ። "እትዬ አልጣሽ፣ ይምጡማ! የልጅዎ ፕሮግራም ወጥቷል። እስላሟ እኔ ቀድሜ አወረድሁት፤ ለቄሶቹ እንዳይነግሩብኝ!"

ስልኳን ነካ አደረገችው። ዜማው ወጣ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ።

የወጣት ድምፅ ነው። የኔታ አይደሉም።

በሌላ መሪጌታ ተክታቸዋለች። የአባቷ ድምፅ ከሌለበት የእኔ ፊርማ ምን ያደርግላታል? ያንን የመሣሪያውን መስመር ብቻዋን ፈርማለች ማለት ነው።

"አያምርም እትዬ?"

"ያምራል" አልኋት።

የኔታን ከኮምፒውተሩ አጥፍታቸው ይሆን? ልጠይቃት እፈራለሁ። አጥፍቻለሁ ብትለኝስ?

ፊደል ባልቆጥር ኖሮ ያን ቀን አውራ ጣቴን አሳርፌ ዝም እል ነበር። ልጄም አትሄድም ነበር። ዛሬም ረሺዳ ሱቅ ቆሜ የኔታ ሲተነፍሱ እሰማ ነበር።