ለእንድሪስ እዚህ አይለቀስም

የሆዴ ልጅ ሰላሁዲን፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነህ? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወባው ተወህ ወይ? ሚስትህ ዚነትስ፣ ሕፃኑስ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ራሴ እየለቀምኩ ጻፍኩት፤ ለሰው የማስጽፈው አይደለም። በፖስታም አልላክሁትም፤ የጎረቤታችን የሾፌሩ የአያሌው አደራ ነው። አንብበህ አቃጥለው።

ልጄ፣ ወንድምህ እንድሪስ ሞቷል። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሽማግሌዎች በእኛና በአፋሮች መካከል የነበረውን ደም ሊያደርቁ ተቀመጡ። ዕርቁ እስኪያልቅ የሁለቱም ወገን ጠመንጃ አንድ ታማኝ ሰው ዘንድ እንደሚከማች ታውቃለህ፤ ዘንድሮ እሱን መረጡት። ከግራር ሥር ጠመንጃ ከምሮ ሲጠብቅ ያየው ሰው፣ ለሽፍታ መሣሪያ ያድላል፣ አለቃቸውም እሱ ነው ብሎ ለካድሬዎቹ ነገረበት። ሊይዙት ሲመጡ ከአፋሮቹ ጋር ወደ በረሃው ሸሸ፤ ሲሸሽ ሆዱን ተመታ። ከታረቁት አፋሮች አንዱ ጨው ይዞ ቆቦ ገበያ መጥቶ በጆሮዬ ነገረኝ። ገንዘው፣ ሰግደውበት ቀብረውታል።

ካድሬዎቹ መሞቱን አያውቁም። ብናገር ማን ነገረሽ ይሉኛል፤ ያ ሰውዬም እኔም እንጠፋለን። ስለዚህ አላለቀስኩም፣ የቀብር ዕድራችን ቅሬውም ለሐዘን አልተቀመጠም። መኪና በተዘረፈ፣ ድልድይ በፈረሰ ቁጥር የእንድሪስ ሥራ ነው ይባላል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ካድሬ አስጠርቶኝ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ ሀሊሜ፣ ልጅሽ ጄኔራል ሆኖልሻል፤ ትናንት ዋጃ ላይ ጦር ሲመራ ታይቷል» ብሎ ሣቀብኝ። ሣቁን ሲጨርስ፣ «የአሰቡ ወንድሙስ መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ። እሱን ሲያጡት አንተን ሊይዙ ነው። ለዒድ እመጣለሁ ያልከውን ተው። ታማለች ቢሉህ፣ ሞተች ቢሉህ፣ በስሜ ቴሌግራም ቢደርስህም አትምጣብኝ።

እዚያ ከጁምዓ በኋላ የሩቅ ሟች ሶላት አሰግድለት። ለማን ነው ቢሉህ፣ ለአንድ የአገሬ ሰው በል።

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዋጃ ታየ ሲሉኝ ልቤ ደስ አለው። ከዚያ ወዲህ ከዋጃ የመጣ ሰው ሳገኝ፣ አይተኸዋል ወይ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነው የምመልሰው።

ዚነትን ሰላም በልልኝ፤ ሕፃኑን ጉንጩን ሳምልኝ። አያሌውን ውኃ ሳታጠጣ አትሸኘው። እህትህ ኡሙሃኒ በጣም ሰላም ብላሃለች፤ እሷ ምንም አልሰማችም። እንድሪስ ሳይመጣ አልዳርም ብላ የሠርጓን ቀን አስተላልፋለች።

እናትህ ሀሊሜ
ቆቦ፣ መጋቢት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.